ያልታዘዘው ሶፋ

ሰፈሩ ሁሉ ሙልጭ ነው የሚላት። እድፍ ባየች ቁጥር «ሙልጭ አድርጌ ነው የማወጣው!» ስለምትል የወጣላት ስም ነው፤ ምቀኞቿ ግን ስሙ የመጣው ሰው ስትሰድብ ሙልጭ አድርጋ ስለምትሰድብ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ባጭሩ የምትቆረጥ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ባሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። እሷ ደግሞ ባልዲዋን አንጠልጥላ ከቤት ቤት እየዞረች የሶፋ እድፍ ታወጣለች፤ በተለይ የቅባት።

ሌላውን እድፍ ማንም ያወጣዋል ባይ ናት። ጭቃ ሲደርቅ ይራገፋል፣ ሻይም ቶሎ ከደረሱበት ይለቃል። ቅባት ግን ተንኮለኛ ነው። ውሃ ሲያይ ይደበቃል፣ ሲፈትጉት ይሰፋል። ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው፤ ጠብ ሲልበት ይደነግጥና ያገኘውን ጨርቅ አንሥቶ ይፈትገዋል። «ምን አደረገሽና ነው የምትፈትጊው?» ትላለች ሙልጭ ባለቤቲቱን፣ የሚገረፍ ልጅ የምታስጥል ይመስል።

እሷ አትፈትግም። መጀመሪያ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጫን፣ ጫን ታደርገዋለች። ቀጥላ የሕፃን ፓውደር በወፍራሙ ትነሰንስበትና ሁለት ሰዓት ትተወዋለች፤ ፓውደሩ ቅባቱን እየጠጣ ያድራል ይባላል፣ ለእሷ ግን ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ያን በለስላሳ ብሩሽ ካራገፈች በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሙቅ ውሃ ትመታና አረፋውን ብቻ ትቀባዋለች፤ ሁልጊዜም ከዳር ወደ መሀል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሶፋው ጀርባ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ትሞክራለች። በዚህ ሁሉ እንቢ ላለ የከረመ እድፍ የመጨረሻው መላ ካውያ ነው። ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት እድፉ ላይ ታለብስና ለብ ባለ ካውያ ትተኩሰዋለች። ቅባቱ ሙቀት ሲሰማው ከጨርቁ ወጥቶ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ትቀያይራለች።

ሁለት ጠባይ አላት። አንደኛው፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ የደንበኛ ሶፋ ላይ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ሲደክማት ባልዲዋን ደፍታ እሱ ላይ ትቀመጣለች። «ሰው የሚቀመጥበትን የማውቀው በእጄ ነው፣ በመቀመጫዬ አይደለም» ትላለች። ሁለተኛው ምርቃት ነው። የታዘዘችውን ከጨረሰች በኋላ ያልታዘዘችውን አንድ ነገር ጨምራ ሳታጸዳ አትወጣም፤ አንድ ትራስ፣ አንድ የምግብ ወንበር። ጨመርኩልሽ ብላም አትናገርም። ባለቤቲቱ ከቀናት በኋላ ራሷ አይታ «ውይ!» እንድትል ነው የምትፈልገው። ያንን «ውይ» ቤቷ ተኝታ እያሰበች ደስ ይላታል። ጥፋቷም የመጣው ከዚሁ ደግነቷ ነው።

አንዲት መምህርት አስጠራቻት። ቤቱ ያረጀ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ረጅም ጨለምለም ያለ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ሰፊ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ወደ መንገድ የሚያይ አንድ ትልቅ መስኮት። መምህርቷ አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ባል የላትም፣ ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት ከሆናቸው እናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትየው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ይወጣሉ ተብሏል፤ እስከዚያ ቤቱ ጸድቶ እንዲቆያቸው ፈልጋለች።

«ትልቁን ሶፋና ይቺን ነጠላዋን ነው» አለች መምህርቷ፣ ቁልፉን እየሰጠቻት። «እኔ ክፍል አለብኝ። ወደ አሥራ አንድ እመለሳለሁ።» ብላ እየሮጠች ወጣች።

መስኮቱ ሥር አንሶላ የለበሰች ሦስተኛ ሶፋ ነበረች። ስለ እሷ ምንም አልተባለም።

ሙልጭ ሁለቱን ጨርሳ ቀና ስትል ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። እጇን አድርቃ ምርቃት ፍለጋ ዓይኗን በሳሎኑ አዞረች፤ ከዚያ ሄዳ አንሶላውን ገለጠችው።

መደገፊያው ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ የሰው ጭንቅላት ልክ የሆነ ክብ የፀጉር ቅባት ነበር። ዳሩ የጠቆረ፣ መሀሉ ከመነካካት ብዛት የሚያብለጨልጭ። ባለቤቱ ገና አሁን ውሃ ሊጠጣ የተነሣ ነበር የሚመስለው። «አንተን ነበር የምፈልግ!» አለች ሙልጭ ጮክ ብላ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ፓውደሩ ምንም አላመጣም፤ አረፋው ዳሩን ብቻ አነጣው። ካውያዋን አወጣች። የመጀመሪያውን ወረቀት ስታነሣ ጭንቅላቱ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ክብነቱ፣ ወደ ጎን ያዘነበለው ማጅራት፣ ጆሮ ያረፈበት ቦታ ሳይቀር። እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም፤ ወረቀት ላይ የሚወጣ ቅባት ዝም ብሎ የተንሰራፋ ነው። ሁለተኛውን አነሣች፣ ሦስተኛውን። በሰባተኛው ወረቀት ላይ ቅባቱ ሳስቶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ጆሮው ግን አሁንም ይታያል። የክንዷ ፀጉር ቆመ። መስኮቱን ከፍቼው ይሆናል ብላ ዞር አለች። መስኮቱ ዝግ ነው።

ወረቀቶቹን አጣጥፋ ውጪ ካለው የቆሻሻ በርሜል ጨመረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ጠራርጎ ወሰዳቸው።

መምህርቷ ስትመለስ ስለ ትልቁ ሶፋ ማመስገን ጀምራ ነበር። ዓይኗ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቃሏ ተቋረጠ። አልጮኸችም። ያገኘችውን ግድግዳ ተደግፋ «ምን አደረግሽ፣ እትዬ?» አለች፣ ከአፏ በማይወጣ ድምፅ።

«ምርቃት ነው» አለች ሙልጭ። አፏ የተናገረውን ጆሮዋ ሲሰማ ግን የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል።

መምህርቷ ወንድም ነበራት። ታናሿ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠዋት ከዚያች ሶፋ ላይ ተነሥቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሞተም ያለ የለም፣ አለም ያለ የለም። ምን ሆኖ እንደወጣ አታውቅም፤ እናቷም ነገሩን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። የእናትየው ዓይን ሲጠፋ ፎቶዎቹ ሁሉ ዋጋ አጡ፤ የቀራቸው ይሄ እድፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየዳሰሱ ይመጡና አንሶላውን ገልጠው መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። ጎንበስ ብለው ያሸቱታል።

«እሱን ሳታሸት ቁርስ አትበላም» አለች መምህርቷ። «አካሏ አልቆ በዚያች ነው የቆመችው። መጥታ ስታጣው ሁለተኛ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ወር አትቆይልኝም። አውቃታለሁ።»

ሙልጭ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እድፌን መልሺልኝ ያላት ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈር የሚሰበስብ ሳቅ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ባልዲዋ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጭኖቿ መሀል ከትታ ቀረች።

የሚሞከር ነገር ሞከሩ። መምህርቷ ከወንድሟ መሳቢያ የተረፈ የፀጉር ቅባት አመጣች፤ ከጠርሙሱ ሲሶው ያህል ቀርቷል። ሙልጭ በጨርቅ አድርጋ መደገፊያው ላይ አንዲት ጥግ ነካችበት። የፈሰሰ ነገር መሰለ እንጂ የተደገፉበት አልመሰለም። መምህርቷ አሸተተችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ጠርሙሱ ነው፤ እሱ አይደለም።»

«ልክ ነሽ» አለች ሙልጭ። «ቅባት ብቻውን ሰው ሰው አይሸትም። ላብ ያስፈልገዋል፤ ጭንቅላት ያስፈልገዋል።» መምህርቷን አስቀምጣ ለካቻት፤ ከድሮው ቦታ አንድ መዳፍ ዝቅ አለች። የሚሆነው ማን እንደሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው። በመጨረሻ ሙልጭ ጠርሙሱን ከፍታ አጭር ፀጉሯን ቀባች። ባልዲዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ጭንቅላቷ ልክክ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም እያለች ደንበኞቿን መለሰች። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በባዶው ቤት ውስጥ፣ በማያውቁት ሰው ቅባት ተቀብታ፣ በሰው ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ቀን እንደ ፎቶ ተነሺ ደርቃ ዋለች። በሁለተኛው ቀን አንገቷ ደከመና ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ ዘንበል ሲል ደግሞ መንገዱ በሙሉ ታያት። የአውቶቡስ መቆሚያው፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ አንድ በሩ የማይከፈት ሰማያዊ ሱቅ። ለካስ እንዲህ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው ብላ ገረማት።

በሦስተኛው ቀን ግራ እጇ ከሶፋው እጀታ ሥር ስትርመሰመስ አገኘቻት። ስፌቱ አጠገብ ጨርቁ ተበልቶ አንድ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ያቺን ሶፋ ከላይ እስከ ታች በእጇ ስታጸዳ አላየቻትም፤ ጣቷ ግን ፈልጎ አገኛት። ወዲያው ጣቷን አወጣችው። ትንሽ ቆይታ ስታይ ተመልሶ ገብቷል።

ቤቷ ማታ እራት እየበሉ ባሏ አፍንጫውን አነቃነቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የማን ሽታ ነው? ወንድ ወንድ ትሸቻለሽ።»

«ቅናት በስተርጅና!» ብላ ልትቀልድበት ሞከረች።

«ቅናትስ አልቀናሁም። ግን እግርሽን ተይ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ሊደፋ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። አንዱን እግሯን በሌላው ላይ አጣምራ ጫፉን ታወዛውዛለች። በዕድሜዋ እግሯን አጣምራ ተቀምጣ አታውቅም። ይህንኑ መምህርቷም አየች፤ በማግስቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት ቀደም ብላ ስትገባ። ከበሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። «እግርሽን አታወዛውዢ» አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «እባክሽ፣ እትዬ። እንደሱ አታድርጊ።» ኮቷን ሳታወልቅ ኩሽና ገብታ ውሃ ከፈተች፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

እሑድ አልሄደችም። ባሏ ጋር ዋለች፣ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ ታጠበች፣ የትራስ ልብሷን ቀየረች። ሰኞ ስትመለስ እድፉ እሷ ከተወችው በላይ ሰፍቶ ጠበቃት። ዳሩ ጠቁሯል። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ለብ ያለ ነው።

«ተቀምጠሽበት ነበር?» ብላ ደውላ መምህርቷን ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔ! ትናንት ሙሉ ቀን ሆስፒታል ነው የዋልኩት። ቤቱ ዝግ ነው የዋለው።»

«ስፖንጁ ነው እንግዲያው» አለች ሙልጭ። «ቅባት ስፖንጅ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ከላይ ሲጸዳ ከታች እየሳበ ይወጣል። የታወቀ ነገር ነው።» እውነቷን ነው፣ የታወቀ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ ስትናገረው ኖራለች። ስልኩን ዘግታ ግን ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ፈርታለች፤ ለራሷም ፈራሁ ብላ ነገረችው። የተቀመጠችው የእናትየው ነገር ስላሳዘናት ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው ብላ።

ሦስት ቀን አልቀረም። ሆስፒታሉ አልጋውን ለሌላ ሕመምተኛ ፈልጎት ኖሮ እናትየው በማግስቱ ወጡ። መምህርቷ ከታክሲ ውስጥ ሆና ሦስት ጊዜ ደወለች፤ የሙልጭ ስልክ ግን ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እሷ መስኮቱ ሥር ናት። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወድቆ፣ ጣቷ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኗ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ የብረት መራመጃ ወለል ሲነካ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። መምህርቷ ገና ውጪ ሻንጣ ታወርዳለች፤ እናትየው አልጠበቋትም።

ልትነሣ አሰበች። እግሯ አልታዘዝ አላት። ማሰቧን ታውቃለች፣ «ተነሺ» ማለቷንም ታውቃለች፤ እግሯ ግን የሌላ ሰው እግር ሆነ።

አሮጊቷ ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይዳስሱ ሳሎኑን አቋርጠው መጡ። ቀጫጫ ናቸው፤ የሆስፒታሉ ፕላስተር ክንዳቸው ላይ አለ። መራመጃቸውን ትተው ቀኝ እጃቸውን ወደ መደገፊያው ዘረጉ። ጨርቅ ሊነኩ የሄዱት ጣቶች ፀጉር ላይ አረፉ።

ሙልጭ ትንፋሿን ዋጠች። እጁ አልደነገጠም። ግንባሯ ላይ ወረደ፣ ጆሮዋን ዞረ፣ ወደ አናቷ ተመለሰ።

«መጣህ» አሉ። መጣህ ወይ ብለው አልጠየቁም።

እጃቸውን ሳያነሡ ቀጠሉ። «ያን ቀን እኮ የጮህኩብህ ለዚች ጨርቅ ብዬ ነው። ‹ተነሥ ከዚህ! ሶፋዬን በቅባትህ አበላሸኸው› አልኩህ። ለእህትህ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም፣ አፈርኩ። ስንት ዓመት ተነሥ ስልህ እንቢ ትለኝ አልነበር? ምነው ልጄ ያን ቀን ብቻ ታዘዝከኝ?» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲያጠኑት የኖሩት ነገር ነው። «አሁን ደገፍ በል። ደህና አድርገህ ደገፍ በል። ይቀባ። የራሱ ጉዳይ።»

የሙልጭ እንባ አገጯ ላይ ደረሰ። የሰው ደብዳቤ ከፍታ ያነበበች ያህል አፈረች። ይህ ቃል የእሷ አይደለም፤ ሰምታው ዝም ብትል የሠረቀች ያህል ነው። እግሯ አሁን ታዘዘላት። ከእጁ ሥር ቀስ ብላ ሸርተት አለች፣ በጉልበቷ ወለሉ ላይ ወረደች፣ ድምፅ ሳታሰማ ሄዳ ግድግዳው ጋ ቆመች። እጁ እስኪወድቅ ጠበቀች። አሮጊቷ ባዶውን ሲዳስሱ፣ የት ሄድክ ብለው ሲጮኹ፣ እሷም እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ስትጠይቅ ታያት።

እጁ አልወደቀም።

ከመደገፊያው አንድ ስንዝር ወደ ፊት፣ ባዶ አየር ላይ፣ ክብ ነገር እንደያዘ ቀረ። አውራ ጣታቸው ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ ፀጉር ከጆሮ ኋላ እየመለሰ። ሙልጭ መቀመጫውን አየች። እሷ ስትነሣ ቶሎ የሚነፋው ስፖንጅ እንደጎደጎደ ነው። እጀታው ሥር፣ ቀዳዳዋ አጠገብ፣ ጨርቁ ከውስጥ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

መምህርቷ ሁለት ሻንጣ ይዛ ገባች። መጀመሪያ ግድግዳው ጋ የቆመችውን ሙልጭን አየቻት፤ ከዚያ የእናቷን እጅ፤ ከዚያ ሶፋውን። አንዱ ሻንጣ ከእጇ አምልጦ ወለሉን መታ።

«ቀስ በይ!» አሉ እናትየው ሳይዞሩ፣ በሹክሹክታ። «ገና አሁን ነው ዓይኑን የጨፈነው።»

ሁለቱ ሴቶች እዚያው እንደቆሙ ቀሩ፤ ማናቸውም ሊቀመጡ አልደፈሩም።